የኋላው ወንበር

ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አንዲት እናት ከኪራይ ፔጆ ሾፌር ጋር የጎንደርን መንገድ ይመካከራሉ። እናቲቱ ከሚሠሩበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገና መውጣታቸው ነው፤ የጥጥ ብናኝ ሽፋሽፍታቸው ላይ ሳይቀር ተጣብቋል። ከቀበሌ ያወጡትን የይለፍ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠውታል። የሚታደርባቸውን ከተሞች በጣታቸው እየቆጠሩ ይጠራሉ፤ አንዱንም በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

«መኪናውን እዚህ አትጠበው፣ ልጄ። አዘዞ ስንደርስ፣ ጎንደር ልንገባ ስንል ታጥበዋለህ።»

«እሺ፣ እማማ። እርስዎ ከኋላ ጋደም ይላሉ።»

«የለም፣ እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ።» ከዘንቢላቸው ያልተነካ ነጭ አንሶላ አወጡ። «ይኼን ከኋላ አንጥፍበት፤ ወንበሩን አቧራ እንዳይነካው።»

ከዚያ ቀና ብለው፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አሉ።

«ስንመለስ ሐኪሟ ልጄ ትቀመጥበታለች!»