ማጭዴን የያዙልኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለሁ አንድ ወጣት ነርስ መጣና "እማማ፣ ሕመሙ ከአስር ስንት ይሆናል?" አለኝ። ወይ ጉድ! ሕመምም እንደ ፈተና ከአስር ይታረማል? "ስምንት" አልኩት ለመገላገል። ጥያቄው ግን ያደግኩበትን የደነባን ማሳ አስታወሰኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ ስንዴያችንን የምናሳጭደው በወንፈል ነው፤ ዛሬ እኛ ለጎረቤት፣ ነገ ጎረቤት ለእኛ። ከሰው ማሳ የቀረ፣ የእሱም ማሳ ላይ ማንም አይመጣለትም። ያን ኅዳር ደግሞ ሰማዩ ያለወትሮው ጠቁሯል። ስንዴያችንን ዝናብ ቢያገኘው ዓመቱን ምን ልንበላ ነው?

ማለዳ ስነሣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፣ አጥንቴን ይቆረጥመኛል። ብርድ ሲሆን እንዲህ ያደርገኝ ነበር። ለእናቴ ብነግራት ታስቀረኛለች። ጥርሴን ነክሼ ወደ ጎረቤት ማሳ ሄድኩ፤ የእኛ ተራ በማግስቱ ነበር።

ጥቂት እንዳጨድኩ ማጭዱ ከእጄ ወደቀ።

"አሮጊቷን ቁርጥማት ያዛት!" አለ አንዱ። ሳቁ።

"የቆላ ዘር አይደለች? ለግማ ነው" አለች ሌላዋ።

አጠገቤ የምታጭደው እናቴ የመተማ ሰው ናት፤ አንገቷን ደፋች። ያን ሳቅ መቼም አልረሳውም። ማጋነኔ አይደለም፣ ሕመሙ ትንፋሼ እስኪቆረጥ ጨመረ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼው ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነበር፤ ነገ ማንም አይመጣልንም።

የማሳው ባለቤት እትዬ አስካለ ምሳ ከሚያበስሉበት መጡ። ጋቢያቸውን አለበሱኝና ፊቴን አዩት።

"ምን እንደያዛት አላውቅም። እንዳመማት ግን አውቃለሁ" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ማጭዴን አንሥተው በእኔ ቦታ ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው! "ይኼ የእሷ እጅ ነው። ነገ ቀርታ ነበር የሚል እንዳልሰማ!"

ሁሉም ወደ አጨዳው ተመለሰ። ነዶው ሥር ጋደም እንዳልኩ ሕመሙ ጋብ አለልኝ። አልለቀቀኝም፤ ግን የሚቻል ሆነ። ስንዴያችንም በማግስቱ ታጨደ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም፣ በሽታው ከወላጅ የሚወረስ መሆኑን፣ የደሜ ሕዋሳትም እንደ ማጭድ የተቆለመሙ መሆናቸውን ነገረኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ማጭድ መያዝ አቃታት ሲሉኝ፣ ለካ ማጭዱ ደሜ ውስጥ ኖሯል።

ነርሱ ስምንቷን ጽፎ ሳይጨርስ ልጄ ከእነዋሪ ከተማ ደረሰች። ምንም ሳትናገር ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ ወጣችና እግሬን ታቅፋ ተቀመጠች።

"ቆይማ ልጄ" አልኩት ነርሱን። "ስምንቱን ሰርዘህ ስድስት በለው።"

"መድኃኒቱ እኮ ገና አልተሰጠዎትም" አለኝ።

"ሰው መጥቶልኛል" አልኩት።