በአልጣሽ ደረት ያለችው መሣሪያ

አልጣሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀችው በርበሬ እየለቀመች ነው። ቀዩን በርበሬ የሞላችው ቁና ላይ በግንባሯ ተደፋች። ልጇ ትርሲት ሮጣ ስትደርስ እናቷ ዓይኗን ገልጣ፣ «ምነው? ምን ሆንሽ?» ብላ መልሳ እሷኑ ጠየቀቻት። መውደቋን አላወቀችውም።

ቤቷ ከቡሬ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ወላጆቿ ከአዊ የመጡ ስለነበሩ ከእናቷ ጋር አገውኛ፣ ከጎረቤት ጋር አማርኛ እያወራች አደገች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ጥማድ መሬቷን ከትርሲት ጋር ሆና ታለማለች።

ያ ኅዳር ሳያልቅ አራት ጊዜ ወደቀች። አንዱ ጎረቤት የሚጥል በሽታ ነው አለ፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው አለ። ጠበል ተጠመቀች፤ መንፈሷ በረታ፣ መውደቁ ግን አልቀረም። በመጨረሻ የነፍስ አባቷ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ራሳቸው፣ «ጠበሉንም አትተይ፣ ሐኪምም ይይሽ» ብለው ላኳት።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያያት ነርስ የእጇን ትርታ ይዞ ሰዓቱን ተመለከተ። ደግሞ ቆጠረ። ሄዶም ሌላ ሰው ጠርቶ መጣ።

«እናቴ፣ የሰው ልብ በደቂቃ ስልሳ፣ ሰባ ጊዜ ይመታል። የእርስዎ ሠላሳ ሁለት ነው» አላት።

«ሰነፈ በለኛ!» አለች አልጣሽ።

ወደ አዲስ አበባ ተላከች። እዚያ ዶክተር ዮርዳኖስ የምትባል ወጣት ሐኪም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳቻት። «የልብዎ ጡንቻ ደህና ነው። የደከመው ምታ ብሎ የሚያዘው ክፍል ነው። ከቆዳዎ ሥር ከክብሪት ቀፎ የምታንስ መሣሪያ እናስቀምጣለን፤ ቀጭን ሽቦዋ ልብዎ ድረስ ይገባል። ከዚያ በኋላ ልብዎ ሲዘገይ የምታዘው እሷ ናት።»

የተገኘችው መሣሪያ ግን አዲስ አልነበረችም። ሐኪሟ ይህንንም አልደበቀቻትም።

«ውጭ አገር በሌላ ሰው ደረት ውስጥ ነበረች። ሰውየው ሲሞት ቤተሰቡ ለቸገረው ትድረስ ብለው ሰጧት። ጸድታ፣ ተፈትሻ ነው የመጣችው። ካልፈለጉ ሌላ እስኪገኝ መጠበቅ ይችላሉ።»

አልጣሽ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ትርሲት እናቷ እምቢ ልትል ነው ብላ ፈራች።

«ማን ይባላል?» አለች አልጣሽ።

«ማን?»

«ሟቹ ነዋ።»

«ስሙ አልተላከልንም። አገሩም ዕድሜውም አልተጻፈም።»

«እግዜር ነፍሱን ይማረው» አለች አልጣሽ። አማትባም፣ «በሉ እንግዲህ፣ ሥራችሁን ሥሩ» ብላ ጋደም አለች።

መሣሪያዋ በገባች ማግሥት ሐኪሟ የእጇን ትርታ እንዴት እንደምትቆጥር አሳየቻት። አልጣሽ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በአገውኛ ቆጠረች፤ ልጅ ሆና ቁጥር የለመደችው በእሱ ነው። ደቂቃው ሲሞላ ስልሳ ላይ ደረሰች። አላመነችም፣ ደገመችው። አሁንም ስልሳ። እንባዋ ወረደ።

«እምዬ፣ አመመሽ?» አለች ትርሲት።

«ኧረ ምንም! እጄ ሞቀኝ እኮ። ኸስንት ጊዜ በኋላ እጄ ሞቀኝ።»

አገሯ ስትመለስ ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጣት አለ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ቄስ ገብረ ኢየሱስን ከቅጥሩ ጥግ ጠብቃ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ልቤን የሚያስመታው እንግዲህ ማሽን ነው። ኸልቤ ስጸልይ ጸሎቱ የማን ነው? የኔ ነው የማሽኑ?»

ቄሱ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እኔ ያለዚህ አንዲት ፊደል አላይም። ዳዊት ስደግም የደገመው መነጽሩ ነው ትያለሽ?»

«ኧረ አልልም!»

«ያንቺው ጠልቆ ገባ እንጂ ምን ልዩነት አለው? እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚህ በላይ እኔም አላውቅ።»

አላውቅም ማለታቸው፣ ከመነጽሩ ምሳሌ ይልቅ፣ አሳረፋት። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ አስከተለች። «ስሙን ሳላውቅ ሟቹን በጸሎት እንዴት ላስበው?»

«ስሙ የጠፋው ለእኛ ነው፤ ለፈጣሪ አልጠፋም» አሏት።

በግንቦት መድኃኔዓለም ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ጎረቤቷን ጠራች። ዓለምብርሃን የሚባለው ቀልደኛ ጎረቤቷ ዋንጫውን ይዞ፣ «ለመሆኑ የማንን ተዝካር ነው የምንበላው?» አለ።

«የማላውቀውን ሰው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የመሣሪያዋን ወሬ የሰማው ዓለምብርሃንም ቀጠለ፣ «ታዲያ ይኼ ልብ አሁን ያንቺ ነው ወይስ የፈረንጁ?»

«መምታቱን ኸሱ ጋር ተካፍለነዋል» አለች አልጣሽ ዳቦውን እየቆረሰች። «እኔም ስሞት መሣሪያዋ ትውጣና ለሌላ ትሰጥ ብዬ ለትርሲት ነግሬያታለሁ። የክርስትና ስሜንም፣ ወለተ ሐና ብለው ጽፈው ይላኩት። ተቀባዩ እንደኔ እንዳይጨነቅ።»

ዓለምብርሃን ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። «ነፍስ ይማር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቤቱ ሙሉ ሰውም ተቀብሎት ነፍስ ይማር አለ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፏል። አልጣሽ በየጊዜው ለምርመራ ትሄዳለች። ባለፈው ስትሄድ ዶክተር ዮርዳኖስ እንደ ወትሮዋ መዳፍ የምታክል የመሣሪያዋን ማንበቢያ ደረቷ ላይ አስቀምጣ ኮምፒውተሩን ስታይ ቆየችና ግንባሯን ቋጠረች።

«እናቴ፣ መሣሪያዋ የልብዎን ውሎ ትመዘግባለች። የካቲት አሥራ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ ልብዎ በጣም ሮጧል። ታመው ነበር?»

አልጣሽ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ድንገት ፊቷ በራ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይደለም?»

«ዘጠኝ ከሩብ ይላል።»

«ትርሲት የተገላገለች ጊዜ ነው! ሴት ናት፣ ሦስት እልልታ ይበቃል ቢሉኝ እምቢ ብዬ ለወንድ እንደሚባለው ሰባት ጊዜ እልል አልኩ። ይህንንም ጻፈችው?» ብላ ደረቷን በእጇ ያዘች። «ተመስገን! ተመስገን!»

ዶክተር ዮርዳኖስ ሳቀች። በካርዱ ላይ «ደህና ናቸው» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም በትንሹ «የልጅ ልጅ» ብላ ጨመረች።