ማሲንቆ ስማር

ማሲንቆ መማር የጀመርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ፣ ወገዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ሳስተምር ነው። ከባሌ ጋር ከተለያየን ቆይቶ ነበር፤ ልጅ አልነበረንም። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ደብተር አርሜ ስጨርስ ፀሐይ ገና አትጠልቅም፤ ከዚያ በኋላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ላይ አዝማሪው ጠላ ሊጠጣ ሲቀመጥ ማሲንቆውን አጠገቤ ካለው ግድግዳ አስደገፈው። አንስቼ ደጋኑን ክሩ ላይ ሳብ አደረግኩት። ዝናብ የመታው በር በግድ ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ዙሪያዬ የነበሩት ሳቁ። አዝማሪው ጠላውን አስቀምጦ መጣና የያዝኩበትን ጣት አላላልኝ።

«እንዲህ ጨምድደው አይያዙት፣ እሜቴ» አለኝ።

ደግሜ ስስበው ድምፁ ጠራ። ሳቁ ቆመና ሰዉ ወደ ምግቡ ተመለሰ፤ እኔ ግን እስከ ሠርጉ ማብቂያ ድረስ ያንን ድምፅ ከጆሮዬ ላወጣው አልቻልኩም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አዝማሪውን አፈላልጌ አገኘሁት። ዕድሜው ከስልሳ በላይ ነው፤ ከአንድ ጠላ ቤት ጀርባ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። አስተምሩኝ ስለው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። በእነሱ ዘንድ ሴቷ ትዘፍናለች እንጂ ማሲንቆ የሚይዘው ወንድ እንደሆነ ነገረኝ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና፣ መምህርቷ ከፈለጉ ምን ቸገረህ አለችው። እሱም ወደ እኔ ዞረ።

«ሰዎች እኛን ለሠርግ ይጠሩናል፤ ልጃቸውን ግን አይድሩልንም። ይህን እያወቁ ነው የሚገቡበት?»

አውቃለሁ አልኩት። የማውቀው ግን ሲወራ ሰምቼ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድኩ መማር ጀመርኩ። ዜማ የሚያስተምረኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ለብዙ ሳምንት ክሩን በጣቴ ሳልነካ ደጋን ብቻ እንድስብ አደረገኝ። ቀጥሎ ማሲንቆውን እንደ ሰው ማናገር አስተማረኝ። «ደህና ዋላችሁ» ሲል ድምፁ የት ላይ እንደሚወጣና የት ላይ እንደሚወርድ በአፉ ያሳየኛል፤ እኔ በጣቴ እፈልገዋለሁ። ማሲንቆ እንደ ክራር ብዙ ክር የለውም፤ አንድ ክር ላይ ድምፁ ያለበትን ቦታ ጣት ራሱ ማግኘት አለበት። ጣቴ ትንሽ ከሳተ ሰላምታው ስድብ ይመስላል። ሚስቱ ከጓዳ «እኔን ነው?» ስትል ሦስታችንም እንስቃለን።

የራሴን ማሲንቆ ካሠራሁ በኋላ ቤቴ መለማመድ ጀመርኩ፤ ወሬውም የተነሣው ያኔ ነው። ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላዬ በጉሮሯቸው የማሲንቆ ድምፅ ያሰሙ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጠርቶኝ ክፉ ነገር አላለኝም፤ የወላጅ ስብሰባ ሳይደርስ ብተወው ጥሩ እንደሆነ ብቻ በዘዴ ነገረኝ። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

እናቴ ግን ከገጠር በእግሯ መጣች። የምትኖረው ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ማሳውን ምርቱን እኩል የሚካፈል አራሽ እያረሰላት፣ እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ገብታ ተቀመጠች፤ ያቀረብኩላትን ምሳ አልነካችም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማሲንቆ አየችው።

«ገበያ መሐል ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ልጅሽ አዝማሪ ሆነች አሉኝ።»

«እማዬ፣ ለራሴ ነው የምጫወተው።»

«ለራሱ የሚጫወት አዝማሪ አይቼ አላውቅም።»

በእመቤታችን ስም ማይልኝ፣ ተይው አለችኝ። አልምልም አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ከከተማው ዳር ድረስ ሸኘኋት። ማታ ማሲንቆውን አውርጄ ደጋኑን ያዝኩ፤ ድምፅ ሳላወጣበት መልሼ ሰቀልኩት። በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ስንቅ ላክሁላት። ተቀበለች፤ እሷ ግን አልመጣችም።

ከመስቀል በኋላ ጎረቤቷ መጥቶ እናቴ ዐይኗን ልትታከም ወገዳ እንደምትመጣ ነገረኝ። ለዓመታት ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየበቀለ ዐይኗን ይወጋት ነበር፤ እሷም በወረንጦ ትነቅለው ነበር። ጤና ጣቢያው ላይ ሁለቱንም የዐይኗን ቆብ ቀደው አስተካከሉላትና እስኪነጋ እንዳይፈታ ብለው በፋሻ አሰሩላት። እጇን ይዤ ወደ ቤቴ ወሰድኳት።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ዐይኗ ስለታሰረ ጥጥ መፍተል አትችል፣ ምስር መልቀም አትችል። እጇ ሥራ ፈትቶ ጉልበቷ ላይ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። መሽቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው አልኳት።

«ያ ነገርሽ አለ?» አለች።

«አለ።»

«እስቲ ምቺው። እንዲህ ሆኜ ምን አያለሁ።»

የማውቀውን ትዝታ ተጫወትኩላት። ደጋኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለለብኝ። ስጨርስ ቀስ ብላ ድሮ በድንጋይ ወፍጮ እህል ስትፈጭ ታንጎራጉረው የነበረውን ዜማ ጀመረች። ገጠር ባለው ቤታችን አጠገብ የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም። ልከተላት ስሞክር ቅኝቴ ከድምፅዋ በላይ ሆነ፤ ክሩን አላልቼ ደግሜ ጀመርኩ።

«አትቅደሚኝ» አለችኝ። «ወፍጮ አይቸኩልም።»

ቀስ አልኩላት። ግጥሙ ሟች እህቷ የገጠመችው ነበር፤ ስለ አባቴ ደግሞ ሁለት ስንኝ ጨመረችበት። ከፋሻው ሥር እንባ ሲወርድ አይቼ ለቁስሉ ስለፈራሁ አቆምኩ። «ቀጥይ» አለችኝ፤ ቀጠልኩ።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታላት ስለ ማሲንቆው ምንም አላነሣችም። ስትሄድ ብቻ ይዤው ለሠርግ እንዳልሄድ አሳሰበችኝ። አልሄድም አልኳት፤ ያንን ያህል ስለማልችል ቃሉ አልከበደኝም።

በጥር መጨረሻ ስትመጣ በጨርቅ የተጠቀለለ የፈረስ ጭራ አመጣችልኝ። የጎረቤታችንን ፈረስ ጭራ ለምና ነው፤ ለምን እንደፈለገችው ሲጠይቃትም የልጄ ማሲንቆ ክር አርጅቷል ብላ እንደመለሰችለት እየሳቀች ነገረችኝ። ጭራው ለክር አጭር ስለነበር አስተማሪዬ ደጋኑ ላይ ወጠረልኝ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። ተማሪዎቼ በጉሮሯቸው የማሲንቆ ድምፅ ማሰማቱን ትተውታል፤ የሰለቻቸው ይመስለኛል።