የልጄ ፀጉር መለኪያ ክር

ሸዋ ሮቢት ላይ የፀጉር ዘይት መሸጥ ላየው ሰው ቀላል ነው። ግማሹን ሥራ ሙቀቱ ይሠራዋል። ደብረ ሲና ላይ በብርድ ወፍሮ ከጠርሙስ አልወርድም የሚለው የጉሎ ዘይት እኛ ጋ ሲደርስ ክዳኑ ሳይከፈት ሊወጣ ይታገላል። ቅቤማ አይነሣ። ጠዋት ቅቤ የተቀባች ሴት፣ ቀትር ላይ ቅቤውን ቀሚሷ ተቀብቶታል። ስለዚህ ቆላ ላይ ዘይት ያዋጣል፤ እኔም ዘይት ሸጥኩ።

ሥራውን የተማርኩት እየተጭበረበርኩ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚረጋ የምግብ ዘይት ቀላቅለው ጉሎ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ እኔም ሳላውቅ ሸጥኩት፣ ሴቶቹ ተሰብስበው መጥተው ጠርሙሱን ራሴ ላይ ሊደፉት ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ወዲያ ሳልፈትን ገዝቼ አላውቅም። ጉሎ እውነተኛ ከሆነ በሁለት ጣት መካከል እንደ ማር ይሳባል። ሰሊጥ መዳፍ ላይ ሲታሽ ቀለል ብሎ ይገባል እንጂ አያጣብቅም። ጥቁር አዝሙድ የምላስን ጫፍ ካላቃጠለ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ለወፍራም ፀጉር ጉሎ ብቻውን ከባድ ስለሆነ በሰሊጥ ይቀጥናል። ለሚያሳክክ ራስ ጥቁር አዝሙድ ጠብታ ይበቃል፤ ከበዛ ያቃጥላል። ለሕፃን ሰሊጥ ብቻ።

ደግሞ የማይሸጥለትን ሰው ማወቅም ሙያ ነው። አንድ ጊዜ ከደጋ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ጠርሙሱን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ያበቅላል?» አለኝ።

ኮፍያውን አነሣ አደረገልኝ። አየሁት።

«ጋሼ፣ ዘይት የበቀለውን ነው የሚያጠጣው። የእርስዎ አስፋልት ሆኗል። ኮፍያ የሚሸጥ ልጅ ማዶ አለልዎ።»

ሳቀና ለሚስቱ ሁለት ጠርሙስ ገዛ። እውነት መናገር አንዳንዴ ያተርፋል።

ሴቶች ግን እንዲህ በዋዛ አይለቁም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «በማን ራስ ተሞከረ?» መልሴም አንድ ነበር፤ «በልጄ።» ልጄን ዞር በይ እላታለሁ፣ ትዞራለች፣ ሻሿን ገለጥ አደርገዋለሁ፣ ጉንጉኗ እስከ ወገቧ ይወርዳል። ማስታወቂያ ቢባል ከዚያ የበለጠ ማስታወቂያ አልነበረኝም። እውነትም ያልሞከርኩባት ዘይት አልነበረም።

ጠርሙሱን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ለፀሐይ አስቀምጥና ለብ ሲል ከእግሬ ሥር አስቀምጣታለሁ። ቅባት ከማጅራት ነው የሚጀመረው። ብዙ ሰው ከግንባር ይጀምራል፤ ከግንባር ከተጀመረ ዘይቱ ወርዶ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ዓይኗን ያቃጠልሻት ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ራሷን አትሰጥሽም። ፀጉሩን እየከፈልኩ፣ በጥፍር ሳይሆን በጣቴ ሥጋ፣ ከማጅራቷ ወደ ላይ። ልክ እዚያ ማጅራቷ ላይ ስደርስ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ሰበር አድርጋ «እማ፣ ኮረኮርሽኝ!» ትላለች። ሕፃን ሆና ብላለች፤ ጡት አውጥታም ብላለች።

ክሩን ያመጣሁት ለንግድ ነው፤ አልዋሽም። አንዲት ደንበኛ «ከልደቷ ረጅም ቢሆንስ? የዘይቱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብላ ሰው ፊት አፋጠጠችኝ። እኔም ከዚያ ዓመት ጀምሮ በአረፋ ዋዜማ ጥቁር ክር ይዤ ከማጅራቷ እስከ ፀጉሯ ጫፍ እለካለሁ፣ ጫፉ የደረሰበት ላይ እቋጥራለሁ። ክሩን ሱቁ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። የሚጠራጠር ሲመጣ አወርድና አንዱን ቋጠሮ ከሌላው እያነጻጸርኩ «ይሄ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ይሄ የአምና፣ ይሄ የዘንድሮ» እላለሁ። ሰው በዓይኑ ያየውን ይገዛል። እየቆየ ግን ክሩ የንግድ መሆኑን ረሳሁት መሰለኝ። ደንበኛ በሌለ ሰዓትም እያወረድኩ አየው ነበር። አሥራ አንድ ቋጠሮ ሆኖ ነበር አረብ አገር ልሂድ ያለችኝ ጊዜ።

ትሂድ ያልኩት እኔ አይደለሁም። አትሂጂም አላልኩም። ነጋዴ ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው። ትምህርቱን ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች፣ የእኩዮቿ እናቶች ጣሪያ ቆርቆሮ ሆኗል፣ እኔም ዝም አልኩ።

በሄደች በስድስት ወሯ ስልክ ላይ እንዲህ አለችኝ፤

«እማ፣ ውሃው ጨው ነው መሰለኝ። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየመጣ ነው።»

«ልላክልሻ!»

«ተይው። እዚህ ቤት ከውጭ የገባ ነገር አይወዱም።»

«ትንሽ ብልቃጥ...»

«ተይው አልኩሽ እኮ፣ እማ።»

ተይው የሚል ደንበኛ ስንቱን አውቃለሁ። ገበያ ላይ ተይው ማለት ቀንሺልኝ ማለት ነው፤ ትንሽ ትለማመጪዋለሽ፣ ይዛ ትሄዳለች። የልጄንም ተይው እንደዚያ ሰማሁት። ሁለት እጅ ሰሊጥ፣ አንድ እጅ ጉሎ፣ ለሚረግፈው ጥቁር አዝሙድ ጠብ አድርጌ፣ በጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልዬ ብልቃጥ ውስጥ ሞላሁ። ከሰፈራችን አንዲት ሴት እዚያው ከተማ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለዕረፍት መጥታ ልትመለስ ነበር። ለእሷ ከመስጠቴ በፊት ክሩን ከምስማሩ አውርጄ ብልቃጡ አንገት ላይ ጠመጠምኩት። ስትቀባው እየለካች ታያለች ብዬ ነው። ደግሞም እጄን ታስታውሳለች ብዬ።

ደረሰ የሚል መልእክት መጣልኝ። «አገኘሁት፣ አላህ ይስጥልኝ እማ፣ ክሩን ሳየው አለቀስኩ» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። አሸነፍኩ ብዬ ነው የሳቅሁት። ከዚያ በኋላ ስልኳ ጠፋ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ቀን ቀትር ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር አወረዳት፣ ባጃጅ ይዛ ሱቄ ደጃፍ መጣች። አንዲት ፌስታል ብቻ ነበር የያዘችው።

አልሐምዱሊላህ ብዬ አቀፍኳት። ላቧ ይንጠፈጠፋል። «ሻሽሽን አውልቂ፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን» ብላት አላወለቀችም። ለውዱእ ጎንበስ ስትል ነው ያየሁት። ራሷ የተላጨ ነው፤ ቦታ ቦታ በቅሏል፣ ከጆሮዋ በላይ ምላጭ የሄደበት ጠባሳ አለ። ማየቴን አይታ ሻሿን ሳብ አደረገች።

«ረገፈ። ከውሃው ነው» አለችኝ።

ለሰው ፀጉር ሃያ ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። የረገፈና የተላጨ አይጠፋኝም። ግን ሳልጠይቃት የማውቀውን ነገር ላደርግ ሄድኩ፤ ከመደርደሪያው ጉሎውን፣ ሰሊጡን፣ አዝሙዱን አውርጄ ቀላቀልኩና ድንጋዩ ላይ ለፀሐይ አስቀመጥኩ። ለብ ሲል ይዤ ገባሁ። ሽታው ገና በሩ ላይ ሳለሁ ደረሳት። ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ጓሮ ሮጣ አስመለሳት።

«አውጪው! እማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አውጪው!»

እርጉዝ ናት ብዬ ፈራሁ። ምናለ እርጉዝ በሆነች።

እውነቱን የነገረችኝ ብልቃጡን ያደረሰችው ሴት ናት። በዓመቱ ለዕረፍት ስትመጣ ቤቷ ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አትንገሪያት ተብላ ኖሮ ብዙ አንገራገረች፤ ከዚያ ነገረችኝ።

«የቤቱ ልጅ ትኩሳት ይዞት ነበር። እመቤቲቱ የልጅሽን ክፍል ስትፈትሽ ብልቃጡን አገኘች። የሚሸት ዘይት፣ አንገቱ ላይ ክር፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ። በቃ፣ ልጃችንን ያሳመመው ይሄ ድግምት ነው አሉ። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያሳዩ ‹ይሄ በማን ላይ የታሰረ ነው? ይሄስ?› አሏት። የፀጉሬ ልክ ነው ብትል ማን ይስማት! እንግዲያው የፀጉርሽ ከሆነ ብለው ላጯት። ዘይቱን ራሷ ላይ ደፍተው ዕቃ ቤት ዘጉባት፣ ሦስት ቀን። ሲያስወጧት እኔ ጋ መጣች።»

እኔ ጠዋትና ማታ ከድግምተኛ ቋጠሮ እንዲጠብቀኝ ዱዓ የማደርግ ሴት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን አቋርጬ አላውቅም። በዚያው አፌ ዱዓውን እያደረግሁ፣ በዚያው እጄ አሥራ አንድ ቋጠሮ ቋጥሬ ላክሁ። ሁለቱ ቋጠሮዎች አንድም ቀን አእምሮዬ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ለእነሱ ድግምት ነው፤ ለእኔ አረፋ ነው።

ቤት ስመለስ ልጄ ደጃፍ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ክሩን የቋጠርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ነገረችሽ።»

«እናቴ ናት የላከችልኝ ብትያቸው ምናለ? እናት ለልጇ ድግምት አትልክም፣ ይገባቸው ነበር።»

«ከገበያ ገዛሁት አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ጠንቋይዋን ንገሪን፣ ስሟን ንገሪን ሲሉኝ እናቴ ናት ልበል?» አለችኝ። ቁጣ እንኳ የለበትም። ጠጠር አነሣችና ወረወረች። «አፌ እንቢ አለኝ።»

ልነካት እጄን ሰደድኩ። ራሷን ትንሽ ሸሸት አደረገች፣ ዝንብ የሚሸሽ ሰው ያህል።

«ተቀይመሽኛል?»

«አልተቀየምኩሽም፣ እማ። እጅሽ ይሸተኛል። ስትቀርቢኝ ያ ክፍል ይመጣብኛል፤ ምን ላድርግ?»

እጄን በሎሚ አጠብኩ። በአመድ ፈገፈግሁ። በበረኪና አጠብኩና ቆዳዬ ተላጠ። አንዲት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ደንበኛዬ ጓንት ሰጠችኝ፤ በጓንት ስቀላቅል ያዩኝ ሴቶች «እትዬ፣ ምነው፣ ልታዋልጂን ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በኋላ ዘይቱን ትቼ ሦስት ወር ሽንኩርት ሸጥኩ። አንድ ቀን «አሁንስ?» ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። ልጄ አትዋሽም፤ ተጠግታ አሸተተችው። «ከላይ ሽንኩርት ነው» አለችኝ። «ከሥር ግን አለ።» ሃያ ዓመት ዘይት የጠጣ እጅ ነው። ወደ ዘይቴ ተመለስኩ፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።

አሁን እዚሁ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ፀጉሯ በቅሏል። ፀጉሯን የምትሠራላት ከሱቄ ማዶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ያለችው ፀጉር ቤት ናት፤ በፋብሪካ የታሸገ፣ ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቧታል። ያንን ቅባት ስንት ዓመት ለደንበኛ ሳማው ኖሬያለሁ። ፀጉር ሠሪዋ ለሌሎች ደንበኞቿ ጉሎ ከእኔ ትገዛለች። ባለፈው ስትመጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እትዬ፣ ጥሩ ሰሊጥ ብትሰጭኝ በዚያ በፋብሪካው ቅባት ጣሳ ገልብጬ እቀባታለሁ። ሰሊጥ አይሸት፤ አታውቅም» አለችኝ።

ወላሂ እጄ መደርደሪያው ላይ ደርሶ ነበር። ሦስት ጊዜ የተጠለለ፣ ለሕፃን የማስቀምጠው ብልቃጥ አለ።

«ተይው» አልኳት።

«ለራሷ ጥቅም እኮ ነው።»

«እሱን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ሳትፈልግ አንድ ጊዜ ልኬላታለሁ። ተይው ካልኩሽ ተይው ማለቴ ነው።»

ሴትዮዋ ገረማት። ጉሎዋን አንሥታ ስትወጣ ግን በሩ ላይ ዞር ብላ፣ ሳልጠይቃት፣ እጇን በራሷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «እዚህ ደርሷል» አለችኝ። ምስማሩ ላይ የሚሰቀል ነገር የለም፤ በዓይኔ ያዝኩት።

ትናንት ከሰዓት ልጄ ፀጉር ቤት ገባች። በሩ ክፍት ነው፣ ከሱቄ ሆኜ ወንበሩ ላይ ጀርባዋን አያለሁ። ሻሿን አወለቀች። ፀጉር ሠሪዋ ከጣሳው በጣቷ ዛቀችና ከግንባሯ ጀመረች። ሳላውቀው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ደጃፍ ቆሜያለሁ። አንዲት ገበሬ ጉሎውን ይዛ «በማን ራስ ተሞከረ?» ትለኛለች። ከማጅራቷ ጀምሪ፣ ዓይኗን እንዳታቃጥያት የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሷል። አስፋልቱ ጠባብ ነው፤ ብናገር ይሰማል። ባጃጅ አለፈ፣ አንድ ሌላም አለፈ።

«በእኔ» አልኳት ለሴትዮዋ፣ ሻሼን ወደ ኋላ ገለጥ አድርጌ። ሽበቴን አየችና ጠርሙሱን መልሳ አስቀመጠችው።