የእናትዎ እናት ማን ይባላሉ?

ባለፈው እሑድ ልጄ ለትምህርት ቤት የሣለችውን የቤተሰብ ዛፍ አሳየችኝ። ሰባት ስም ጽፋለች፤ ሰባቱም ወንዶች። «ዳዲ፣ ኢዝ ኢት ኮሬክት?» አለችኝ። ትክክል ነው አልኳት። ግን እህቴ ትዕግሥት ትዝ አለችኝ።

ነገሩ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ እዚሁ ናይሮቢ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። ትዕግሥት ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ታጠናለች። የመመረቂያ ሥራዋ የጥንት ሰዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥተው በየት በየት እንደሄዱ በእናት ዘር በኩል መከታተል ነበር።

«ሰውነታችን ውስጥ እናት ብቻ የምትሰጠው ነገር አለ» ትለኝ ነበር። «ወንድ ልጅ ይቀበለዋል እንጂ ለልጆቹ አያወርሰውም። ስለዚህ ከእናት ወደ እናት እያልክ ወደ ኋላ ብትሄድ መንገዱ አይጠፋህም።»

እሷ የሰዎችን ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ጠርጋ ወደ ክፍል ትሮጣለች። እኔ ቀርቼ ፎርም እሞላለሁ፤ የእናት እናት ስም፣ የትውልድ አገር። ይህ ካልታወቀ ጥጡ ብቻውን ከየት እንደመጣ አይናገርም።

አንድ ቅዳሜ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ እትዬ አሰገደች ምግብ ቤት ምሳ እየበላን ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ የጃካራንዳው አበባ ጭቃው ላይ ረግፏል። እትዬ አሰገደች ጉንጫቸው የተጠረገው ማክሰኞ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ከአፌ ዘር ነው ያገኘሽው ወይስ ሽሮ?» አሏት።

«ሁለቱንም፣ እትዬ።»

«ለወንድምሽ እኮ በደንብ ነው ያስቆጠርኩት። አሰገደች ወልዴ፣ ወልዴ ደስታ፣ ደስታ ይመር...»

«እነዚህ ሁሉ ወንዶች ናቸው!»

«ታዲያ ሰው በማን ይቆጠራል?»

ቤቱ ሣቀ። ትዕግሥትም ሣቀች፤ ከዚያ ፎርሞቹን ከእጄ ወሰደች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ሣቋ ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ የጠየቅኳቸው አሥራ አንድ ሴቶች እንዲሁ ቆጥረውልኝ፣ እኔም እንዲሁ ጽፌያለሁ። የእናት እናት በሚለው ቦታ አባት፣ የአባት አባት። እውነቱን ለመናገር፣ ስህተት መሆኑ አልታየኝም። ዘር ሲቆጠር የሰማሁት እንዲያ ነው።

«ቢኒ፣ ሰኞ ነው የማስረክበው! ነገ አሥራ አንዱንም ዞረህ ትጠይቃለህ። ሰማህ?»

«እሺ በቃ፣ እጠይቃለሁ።»

ላብራቶሪ ሥራ ስለነበራት ወደ ፓርክላንድስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሄደች። በመስኮት ጣቷን አወዛወዘችብኝ። ፊቷ ግን ይሥቅ ነበር።

ማታቱው መንገድ ላይ ተገለበጠ። እህቴ ሞተች። ከዚህ በላይ... ይህን አልጽፈውም።

በማግሥቱ ጠዋት ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ቤታችን በለቅሶኛ ሞላ። አሥራ አንዱም ሴቶች መጡ፤ ማን ይቀራል? እኔ ፎርሞቹንና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። አጎቴ ጋሽ ታደሰ ክንዴን ያዙኝ።

«በለቅሶ ቤት ወረቀት? አታፍርም?»

«ሰኞ ታስረክባለች» አልኩ። እንዲያ ነው ያልኩት፤ ታስረክባለች።

«ልቀቀው፣ ታደሰ» አሉ እትዬ አሰገደች። «የታዘዘውን ይሥራ።»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። «እትዬ፣ የእናትዎ እናት ማን ይባላሉ?»

ብዙ አሰቡ። «እማማ ነበር የምንላቸው። ስማቸውን... አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።» እንባቸው ወረደ። ለትዕግሥት ይሁን ለሴትየዋ እንጃ። «አገራቸው ግን ቡልጋ ነው።» ጻፍኩ።

ከዚያ ሌሎቹ ራሳቸው ጠሩኝ። አንዷ እዚያው ሆና አዲስ አበባ ደውላ እናቷን ጠየቀች። ያን ጠዋት እያነሣ እስከ ዛሬ የሚወቅሰኝ ዘመድ አለ። ይውቀሰኝ። በሕይወቴ በትክክል የሠራሁት ሥራ ቢኖር እሱ ነው።

አሥራ አንደኛውን ስጨርስ፣ ከትናንት ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰችው እናቴ «የእኔንስ?» አለች።

አንድ ባዶ ፎርም ነበረኝ። «እናቴ ጥሩነሽ፤ የእሷ እናት ዘነበች፣ የመንዝ ሰው» አለችና ስጽፍ ጠበቀችኝ። «ከእኔ በታች ደግሞ የእሷን ጻፍ።»

ፎርሙ የሚጠይቀው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ከታች ቦታ የለውም። በእጄ አንድ መስመር አሰመርኩና ትዕግሥት ብዬ ጻፍኩ።