በፍልሰታ ቅቤ የሸተተበት ቤት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አሰላ ልጄ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ቅቤ ሲነጠር በሸተተኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ብቻዬን ያስቀኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ የያዝኩትን አስቀምጬ እቀመጣለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ልጆቼ አንዱ ሳጉሬ፣ አንዷ ሮቤ፣ አንዱ ጮሌ ናቸው። የመጨረሻዋ ሂሩት አሰላ ናት። እኔ የራሴን ቤት ከዘጋሁ ቆይቻለሁ፤ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ካንዱ ወዳንዱ ነው። አንድ ቤት ሁለት ሳምንት ከሰነበትኩ እግሬን ይበላኛል። ሂሩት፣ "እማዬ፣ አንቺ እንደ ሚኒባስ ነሽ፤ የምትቆሚው ለመነሳት ነው" ትለኛለች።

ሂሩት አስተማሪ ናት። መንታ ወንዶች ወልዳለች። ልጆቹ ጡት ከተዉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የእሷ ሆድ ግን አልገባ አለ። ቆዳው ተንጠልጥሎ ቀረ። መሃሉ እንደ ተከፈተ በር ሆኖ፣ ከአልጋ ስትነሳ ጉብ ይላል። ወገቧንም ያማታል፤ ቆማ ማስተማር አቃታት። በአራስነቷ እኔው ራሴ ሆዷን በመቀነት ጥፍር አድርጌ አስሬያት ነበር። መንታ ግን መቀነት አይሰማም።

ሰውም አልተዋትም። ባጃጅ ውስጥ "እርጉዝ ናት፣ ተጠጉላት" ይሏታል። በአንድ ግቢ አብረዋት የሚኖሩት ጎረቤቶች "መቼ ነው?" ይሏታል። አንድ ቀን ተማሪዎቿ ተሰብስበው "ቲቸር፣ ወንድ ነው ሴት?" አሏት። የዚያን ዕለት ስልክ ደውላልኝ "እማዬ፣ ደክሞኛል" ብቻ አለችኝ። ብዙ ከምታወራበት ቀን ይልቅ ያ ቀን አስጨነቀኝ፤ በማግስቱ ከሮቤ ተነሳሁ።

ስደርስ ነገረችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆድንም ጡትንም ባንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና የሚያስተካክሉ ሐኪሞች አሉ። ባንድ ላይ ሲሆን ማደንዘዣው አንድ፣ መተኛቱም አንድ ስለሆነ ይረክሳል አለችኝ። ባሏ ቶሎሳ የኮምባይነር ሹፌር ነው፤ አዝመራ እየተከተለ እስከ ባሌ ይሄዳል። ለዚሁ ብለው ሁለቱም ሲያጠራቅሙ ከርመዋል።

"ለማን ነግረሻል?" አልኳት።

"ለቶሎሳና ላንቺ። ግቢው ከሰማ አለቀልኝ። 'ለቁንጅና ብላ ሆዷን አስቀደደች' ብለው ሲስቁብኝ ይኖራሉ። ትምህርት ሲዘጋ እሄዳለሁ፣ በሳምንቴ እመለሳለሁ። ሥልጠና ነበርኩ እላለሁ።"

እኔ ምን እላለሁ? ልጄ ናት፤ ደክሟታል። ሆኖም ብቻዋን እንድትሄድ አልፈለግኩም። ለመጀመሪያው ምርመራ ስትሄድ አብሬያት ተሳፈርኩ።

ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው፤ ግን ረጋ ያለ። መጀመሪያ ብዙ ጠየቃት። ሌላ ልጅ ትወልጃለሽ ወይ፣ ኪሎሽ ይወጣል ይወርዳል ወይ፣ ጡት ካስጣልሽ ምን ያህል ሆነሽ? ከዚያ በስልክ የነገሯት ዋጋ የቀዶ ጥገናው ብቻ መሆኑን ገለጸላት። የደም ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ አዳሩ፣ ሆድ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ፣ ለክትትል መመላለሱ፣ ሁሉም ለየብቻ ነው። ሂሩት ስልኳን አውጥታ መደመር ጀመረች፤ ከዚያ መደመሩን ተወችው።

"ሁለቱን ባንድ ላይ መሥራት ከገንዘቡ ይቀንሳል" አላት። "ከሕመሙ ግን አይቀንስም። ደንዝዘሽ ቀዶ ጥገናው የሚሠራልሽ ሰዓት ይረዝማል፣ ማገገሙም ይከብዳል። ሆድሽ ስለሚጠብቅ ጎንበስ ብለሽ ነው የምትሄጂው። ጡትሽም ከተሠራ እጅሽን እንደልብ አታነሺም። ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለም።"

"ልጅስ?" አለችው።

"ልጅ ከባድ ነገር ነው" አላት።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ሂሩት ወረቀት ልታመጣ ስትሄድ፣ አጠገቤ የነበረች ሴት ወደ እኔ ዞረች። ለክትትል ከደሴ የመጣች ናት። አለባበሷ ያማረ፣ ወገቧ እንደ ልጃገረድ።

"እማማ፣ ልጅዎ ናት?" አለችኝ። "ሲሠራላት አብረዋት ይሆናሉ?"

"ለሳምንት እኖራለሁ" አልኳት።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "እናቴ፣ እኔ ሁለቱንም ባንዴ ነው የተሠራሁት። አልጸጸትም፤ ልብስ ስለብስ ደስ ይለኛል። ግን ገንዘቡን ሳዘጋጅ ሰው ማዘጋጀት ረሳሁ። አፍሬ ለሁሉም ደበቅኩ፤ ከዚያ ውሃ የሚያቀብለኝ አጣሁ። ትንሿ ልጄ 'እቀፊኝ' እያለች ስታለቅስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም፣ አነሳኋት። ቁስሉ ተከፈተ። እንደገና ሰፉኝ። ከሁሉም የተወደደብኝ ያ ቀን ነው።"

ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተጠራችና ገባች። ዛሬ ባገኛት እግሯን እስማለሁ።

ወደ አሰላ ስንመለስ የሴትየዋን ነገር አንድም ሳላስቀር ለሂሩት ነገርኳት። ሞጆን አልፈን ቆቃ እስክንደርስ በመስኮት ውጭውን ታይ ነበር። በመጨረሻ "ጡቱ ይቅር" አለችኝ። "የሚያመኝ ሆዴ ነው። ለእሱ ብቻ ይበቃኛል።"

"እኔም ስድስቱን ሳምንት እኖራለሁ" አልኳት።

"አንቺ? አንድ ቤት? ስድስት ሳምንት?" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጎረቤት እንዳይሰማ የሚለውን ግን አልለቀቀችም። እንዲያውም በማርያም አስማለችኝ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ተሠራላት። መንቶቹን ሳጉሬ ወንድሟ ቤት አስቀመጥናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን በደህና ወጣች። ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ከተኛች በኋላ፣ የኮንትራት መኪና የኋላ ወንበር ላይ አጋድመን አሰላ ስንገባ ዝናቡ ይወርድ ስለነበር የግቢው ሰው ሁሉ በሩን ዘግቷል። ማንም አላየን። ጉልበቷ ሥር ትራስ አድርጌ አስተኛኋት። "ተሳካ እኮ እማዬ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ፍልሰታ ገባ። እንግዲህ ሐኪሙ በደንብ ትብላ፣ ወተትም እንቁላልም አይቅርባት ብሏል። የታመመ ደግሞ አይጾምም። እኔ ሆዷ ተቀዶ የተኛችን ሴት የማስታምመው በአንድ መንገድ ነው፤ ሌላ አላውቅም። የሮቤዋን ልጄን አራቱንም ልጆቿን ስትወልድ ያነሳኋት በገንፎ ነው። ስለዚህ ከግቢያችን ወተትና ቅቤ ከምትሸጠው ከአዴ ሸምሲያ ለጋ ቅቤ ገዛሁ።

"ጾም አይደለም እንዴ፣ እማማ በለጡ?" አለችኝ።

"ለታመመ ሰው ነው" አልኳትና ቶሎ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት የሳጉሬዋ ምራቴ እናታቸውን እያሉ ያስቸገሯትን መንቶች አምጥታ፣ መኪና እንዳያመልጣት ሳትቀመጥ ተመለሰች። እኔ ቅቤውን በኮረሪማ አንጥሬ፣ የገብስ ዱቄቴን ነስንሼ ገንፎ ማገንፋት ጀመርኩ። ማማሰያው ድስቱን ድው ድው ሲያደርገው ግድግዳው የጣውላ መሆኑ ትዝ አላለኝም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በፍልሰታ ከክርስቲያን ቤት ቅቤ ከሸተተ፣ ገንፎም ከተገነፋ፣ እዚያ ቤት አራስ አለ ማለት ነው። ሂሩትን ደግሞ ግቢው ሁሉ እርጉዝ ናት ብሎ ሲጠብቅ ከርሟል!

በሩ ላይ እልልታው ቀለጠ።

የግቢያችን ጎረቤት ወይዘሮ አስናቀች ናት፣ ሂሩት ከሁሉ በላይ የምትፈራት፣ ምላሷ ስለት የሆነ። እንቁላል በፌስታል ይዛለች። ከኋላዋ አዴ ሸምሲያ ወተት በጆግ ይዛ ቆማለች።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" እያለች አስናቀች ገባች። ሸምሲያም "ማል ዴሴ? ምን ወለደች? ወንድ ነው ሴት?" ትላለች።

እኔ ማማሰያውን እንደያዝኩ ደረቅሁ። በዚያው ቅጽበት ካንደኛው መንታ፣ ከናቲ፣ ዓይኔ ተነሳ። ልጁ እናቱን ካያት ቆይቷል፤ ወንበሩ ላይ ወጥቶ አልጋው ላይ፣ ሆዷ ላይ ሊዘል ተንደረደረ። "ያዙት!" ብዬ ጮህኩ። አስናቀች ፌስታሉን ወርውራ ልጁን ካየር ላይ ቀለበችው። እንቁላሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

አስናቀች ናቲን እንዳቀፈች ክፍሉን ቃኘች። አልጋውን አየች፣ ጥጉን አየች።

"ሕፃኑስ?" አለች።

ሂሩት እኔን አየችኝ። በማርያም ምያለሁ፤ ዓይኔን ወደ ድስቱ መለስኩ። መልስ ስታጣ አስናቀች ሕፃኑ የሞተ መሰላት። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ፣ "ውይ ልጄን! ውይ የእኔ እናት!" ልትል፣ ልቅሶ ልታወጣ ነው። ሸምሲያም ጆጉን አስቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"አታልቅሱ!" አለች ሂሩት። ጮክ ስትል ሆዷን አመማትና በእጇ ያዘችው። "አልሞተም። ልጅ የለም። አርግዤም አላውቅም። መንቶቹ ያበላሹትን ሆዴን ነው ያስተካከልኩት። ተቀድጄ ነው የተኛሁት።"

መጀመሪያ የተናገረችው ሸምሲያ ናት። "እኔ እኮ ከመስከረም ጀምሮ ወር እየቆጠርኩልሽ ነበር! ምን ዓይነት ነው፣ ዝሆን ነው እንዴ ያረገዘችው እያልኩ!"

ሂሩት መሳቅ ፈለገች፤ ሲያማት ደግሞ አለቀሰች። "አታስቂኝ፣ ስፌቴ ነው" አለች።

አስናቀች ግን አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። "ያማል?" አለቻት ቀስ ብላ።

"ያማል።"

"ለምን ታዲያ አልነገርሽንም?"

"ትስቁብኛላችሁ ብዬ።"

"እንስቃለን እንጂ!" አለች አስናቀች። "እንስቃለን፤ ስቀን ደግሞ ልጆችሽን እናቅፋለን። ምን ልትሆኚ ነበር? እናትሽን በዚህ ጉልበታቸው ሁለት ወይፈን ልታሸክሚያቸው ነው?" ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎም እማማ፣ ይሄን ገንፎ ብቻዎን ሊበሉት ነበር?"

ሸምሲያ ከሂሩት ጋር በቅቤው በላች። አስናቀች ጾመኛ ስለሆነች በተልባ አደረግኩላት። ሕፃን የሌለበት የአራስ ቤት ገንፎ በላን፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን እንቁላል የጠረግነው ከዚያ በኋላ ነው።

ወሬው አልወጣም ብዬ አልዋሻችሁም። እሑድ ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ያወራችውም አስናቀች ናት። የከፋ የተናገረም አለ። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት መንቶቹን ወስዳ ከሰዓት የምትመልሳቸውም እሷ ናት። ሸምሲያ በየቀኑ ወተት ይዛ እየመጣች ሂሩትን ደግፋ ግቢው ውስጥ ጥቂት ታራምዳታለች፤ ሐኪሙ ዝም ብላ አትተኛ ብሎ ስለነበር። ቶሎሳ ከባሌ ሲመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ቢያገኘው ደንግጦ በር ላይ ቆመ።

እኔም ቃሌን ጠበቅኩ። እግሬን በላኝ፤ ሚኒባስ ጡሩንባ ሲነፋ በሰማሁ ቁጥር ዘንቢሌን አየሁ። ግን ቆየሁ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ሐኪሙ "አሁን ይቻላል" አላት።

ወደ ጮሌ ልሄድ የተነሳሁ ዕለት ሂሩት እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ዞሬ አየሁ። ቀጥ ብላ ቆማለች። ጎንበስ አለችና ናቲን አንስታ አቀፈችው፤ እጁን ይዛ አወዛወዘችልኝ። ከተሠራች ጀምሮ ልጅ ስታነሳ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ "እማማ፣ ሰው ሞቶብዎት ነው?" እስኪለኝ ድረስ አለቀስኩ።

አሁን የወለዱ ሴቶች ሂሩት ጋ እየመጡ "ስንት ፈጀብሽ?" ይሏታል። አሁን የምትደብቀው የለምና ገንዘቡን ትነግራቸዋለች፣ ለየብቻ የሚከፈለውንም ጭምር። ከዚያ ግን "ልጅሽን ማን ያቅፍልሻል?" ብላ ትጠይቃቸዋለች። እኔ ያቺን የደሴ ሴት አስባለሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችበትን ቀን። በጎረቤቶቿ ፊት አንድ ድስት ገንፎ ብታገነፋ ኖሮ እላለሁ፤ ምናልባት ለእሷም ልጇን የሚያቅፍላት ይመጣ ነበር።