ወልቂጤ ላይ ወጪ የቀነስኩበት ክረምት

ከቡታጅራ የወጣሁት በግንቦት፣ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ግን ሰው መውጣት የሚጀምረው ከዋዜማው ስለሆነ ከዚያ ልነሳ። ባለቤቴ አስካለ ሰኞ ማታ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አሰረችው፤ ሦስት ጊዜ መልሳ ፈታችው። መጀመሪያ የተፈጨ በርበሬ ጨመረችበት። ቀጥላ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ጨመረችበት። በመጨረሻ መበየጃዬን አውጥታ በቦታው ጋቢ ከተተች።

"መበየጃዬን መልሺ" አልኳት።

"መበየጃ አይለበስም።"

"ጋቢ እንጀራ አያበላም።"

"ብርድ የያዘው ሰው ምን ይሠራል?" አለችና ሁለቱንም ጠቅጥቃ በገመድ አሰረችው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተነጋገርንም። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች የሚለያዩበት ማታ ወሬ ያልቅባቸዋል።

"ከቡታጅራ ወልቂጤም ስደት ይባላል እንዴ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያገር ልጅ ሁሉ ባሕር ሲሻገር እኔ ተራራ እንኳ አልተሻገርኩም፤ ዞርኩት እንጂ። መኪናው በጥያ አድርጎ ወደ ዓለም ገና ያወጣሃል፤ እዚያ ወርደህ ሌላ ትሳፈራለህ፤ ያኛው ደግሞ በወሊሶ በኩል መልሶ ቁልቁል ይወስድሃል። ጥያ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የጥንቶቹ ድንጋዮች ያሉበትን አቅጣጫ በጣቱ አሳየኝና "ስንት ዘመን ከቦታቸው ሳይነቃነቁ!" ብሎ ተደነቀ። ምን ያነቃንቃቸዋል? ኪራይ አይከፍሉ።

እኔን ያነቃነቀኝ ኪራይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የጠገንኩባትን ክፍል ባለቤቷ ለሞባይል መሸጫ ፈለጋት። ስለ ራሴ መናገር አልወድም፤ ግን የማታውቁኝ ካላችሁ እወቁ። እኔ ደምሴ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የተማርኩት አንድ የሞተ ሬዲዮ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው፤ አሥራ ሰባተኛው ጊዜ ላይ ተናገረ። ዲፕሎማ ያላቸው ባለሙያዎች "ይጣል" ያሉትን ቴሌቪዥን ዜና አስነብቤዋለሁ። በመስቃን ወረዳ ዕቃው ተበላሽቶበት ስሜን ያልጠራ ሰው ካለ ዕቃ የሌለው ሰው ነው።

ወልቂጤ ያለ አንድ የአገሬ ሰው ሱቁ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ እንድዘረጋ ፈቀደልኝ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ተማሪ አለ፤ ተማሪ ባለበት ቻርጀር ይበላሻል። እኔ ቀድሜ ሄጄ አንድ ክፍል እከራያለሁ። ሥራው ሲቀና ማድቤት ያለው ቤት እይዛለሁ፣ የቡታጅራውን እንለቃለን፣ አስካለ ዕቃዋን ጭና ትመጣለች፣ መስቀልን በአንድ ጣራ ሥር እናከብራለን። ልጆቻችን የየራሳቸው ጣጣ ስላለባቸው እነሱን አላስቸገርንም። እስከ መስቀል ግን አንድ ገቢ ሁለት ቤት መመገብ ነበረበት።

ወልቂጤ ሞቃት ናት። ጋቢውን ሳልለብሰው ከረምኩ። ሰዉ ጉራጌ ነው ብዬ በመስቃን ጉራጊኛ ሰላም ስለው በቸሃ ይመልስልኛል፤ ትንሽ ተያይተን ሁለታችንም ወደ አማርኛ እንሸሻለን። ሽሮው ቀጭን ነው። በርበሬያቸውን አልሰድብም፤ የእኛን የቀመሰ ግን ይታዘባል።

መጀመሪያ የሄድኩት ቀበሌ ነው። ከሸማቾች ማኅበር በርካሽ ዘይትና ስኳር ለማግኘት መመዝገብ አለብህ። ከቡታጅራ ያወጣሁትን መሸኛ ለጸሐፊው ሰጠሁት። ወጣት ነው፤ ጆሮው ላይ የሙዚቃ ገመድ ሰክቷል።

"ፋዘር፣ መሸኛው ሁለት ሰው ይላል።"

"ሁለት ነን።"

ከኋላዬ አየ። "የታሉ?"

"ቡታጅራ ናት።"

"እንግዲያው አልተሸኙም።"

"ተሸኝታለች፤ ገና አልተነሣችም እንጂ።"

"አይ ፋዘር። በዚህ ወረቀት ከዚያኛው መዝገብ ወጥተዋል። እዚህ ፊቴ ካልቆሙ ደግሞ አልመዘግባቸውም። ስለዚህ የትም የሉም ማለት ነው።"

"አርባ ዓመት የተጨቃጨቅኳት ሴት የትም የለችም?"

"በወረቀት ነው የምልዎት። ወይ ይዘዋቸው ይምጡ፣ ወይ ለብቻዎ መሸኛ ያጽፉ። ያላገባ፣ የፈታ፣ ሚስት የሞተችበት። ከሦስቱ አንዱን መርጠው።"

"ቀስ በል፤ እሷ እንዳትሰማህ" አልኩት። አልሳቀም።

የሸማቾች ዘይት እንዲህ ሆኖ ከዚያም ቀረ፣ ከዚህም ቀረ። ያን ቀን ከሱቅ ጠርሙስ ዘይት ገዝቼ ስወጣ ወሰንኩ፦ ወጪ መቀነስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወልቂጤን አስተምራታለሁ።

የምላችሁ ነገር ይጠቅማችኋልና አድምጡ። ባጃጅ ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ሻይ በጨው ለመድኩ። ጎመን የምገዛው ባለጉሊቷ ልትነሣ ስትል ነው፤ ያን ጊዜ መልሳ መሸከም ስለማትፈልግ ትጨምርልሃለች። ዋናው ፈጠራዬ ግን ሳጥኑ ነው። አሮጌ የጣውላ ሳጥን ለቅሜ ውስጡን በጭድ ሞላሁት። ባቄላውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አንዴ አፈላውና ድስቱን እንደ ተከደነ ጭዱ ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ የአስካለን ጋቢ አለብሰዋለሁ። ጠዋት ቀብሬው ከሥራ ስመለስ በራሱ ሙቀት በስሎ ይጠብቀኛል። ማንም አላሳየኝም። ከራሴ ጭንቅላት ነው የወጣው።

ወሩ ሲያልቅ አከራዬ ወይዘሮ ብርቄ በሬን አንኳኩ። የመብራት ቢል በእጃቸው ይዘዋል።

"ጋሽ ደምሴ፣ ቢሉ ወርዷል።"

"እንኳን ደስ ያለዎት።"

"ምን አድርገውት ነው?"

"ማንን?"

"ቆጣሪውን ነዋ! መብራት ለሚያውቅ ሰው ሳከራይ ጎረቤቶቼ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ነገ ሠራተኞቹ መጥተው የተነካካ ገመድ ቢያገኙ የምቀጣው እኔ ነኝ!"

በሕይወቴ ሙሉ የሰው ገመድ ለክፋት ነክቼ አላውቅም። ሳጥኑን ከፍቼ፣ ጋቢውን ገልጬ፣ ክዳኑን አነሣሁላቸው። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ወጣ። አንድ ባቄላ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ቀመሱ። ሌላም ደገሙ።

"ይሄ ያለ መብራት ነው የበሰለው?"

"በጭድ።"

"አቤት የእግዜር ሥራ!"

"የእኔ ሥራ ነው።"

"ለእኔም አንድ ይሥሩልኝ" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ሠራሁላቸው፤ ከእኔም የሚበልጥ ሳጥን። በተቀበሉኝ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡና ኪራይ ጨመሩብኝ።

"ምነው እትዬ ብርቄ? ሳጥን ሠርቼልዎት?"

"እሱማ እግዜር ይባርክዎ። ግን ወጪዎ እንዲህ ከቀነሰ ጭማሪው አይከብድዎትም ብዬ ነው" አሉ፤ በቅን ፊት። ሰው ባባከነ ሳይሆን በቆጠበ ሲቀጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ስሕተት የማያውቀኝ ሰው ስለሆንኩ ስሕተት መሆኑን እንኳ ቶሎ አላወቅኩትም።

ከራሴ ላይ የምቀንሰው ሲያልቅ ወደ አስካለ ዞርኩ። ከምልክላት ገንዘብ ላይ በየወሩ ቅቤ ትገዛለች። የምትበላው ቅቤ አይደለም፤ የውጆ ነው። ውጆ የሴቶቻችን የቅቤ እቁብ ነው። አሥር ሴቶች በወር አንዴ ይሰበሰባሉ፣ እያንዳንዷ ቅቤዋን ታመጣለች፣ ተራ የደረሳት ሁሉንም ጠቅልላ ትወስዳለች። በእኛ ቤት ውጆ የሴት ጉዳይ ነው፤ እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም። በዚያ ዓመት ዙሩ የጀመረው በሰኔ ነበር። በሐምሌ ደወልኩላት።

"አስካለ፣ ከውጆው ውጪ።"

"ምን አልክ?"

"በዚህ ኑሮ የሌላ ሰው ቅል በቅቤ መሙላት ብክነት ነው። ሻይ በጨው የምጠጣ ሰው ነኝ።"

"ማን ጠጣ አለህ?"

"ነገርኩሽ እኮ። ወጪ የሚቀነሰው ከማያስፈልገው ነው።"

እንድትከራከረኝ ጠብቄ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቻለሁ። "እሺ" አለች፤ ዘጋችው። ድሮ እሺ ስትል የምፈራ ሰው ነበርኩ፤ ከርቀት ግን ፍርሃቱም ይቀንሳል።

ነሐሴ ሲጋመስ ዘይነባ በረንዳዬ ድረስ መጣች። ዘይነባ የቡታጅራ ጎረቤታችን ናት፤ የአስካለ የውጆ ባልደረባ። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጇን ልታይ መጥታ ነው። ወንበሬን ለቀቅኩላት። ስለ ሁሉም ጠየቅኋት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ አስካለ።

"ደህና ናት" አለች፤ ዓይኗን ግን ቻርጀሮቹ ላይ ጣለች። "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከውጆ ውጪ ያልካት እውነት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ወጪ እየቀነስን ነው።"

"ተራዋ መቼ እንደነበር ታውቃለህ?"

"የሴት ነገር አልጠይቅም።"

"ነሐሴ ነበር" አለች ዘይነባ። "ነሐሴ! አስካለ ስንት ዓመት ዕጣ ስትጥል ጥቅምት፣ ታኅሣሥ ነው የሚደርሳት። ዘንድሮ ነሐሴ ወጣላት። እልል ብለን ተቀበልናት። ለመስቀል ቅቤ ምን ያህል እንደሚወጣ አንተ አታውቅም? ቅቤውን ሸጣ፣ መኪና ተከራይታ፣ ዕቃዋን ጭና ልትመጣልህ ነበር። ሳትነግርህ። ልታስደንቅህ።"

"አሁን ተራው…?"

"እኔ ወሰድኩት" አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ልጄ ዘንድ የመጣሁትም በእሱ ነው። አትቆጣኝ ደምሴ፤ አንተው ነህ የሰጠኸኝ።"

ምን ብዬ ልቆጣ? ሻይ አዘዝኩላት፤ በስኳር።

የገበያ ዋጋ ከማንም በፊት የማውቅ ሰው ነኝ። ቅቤ ለመስቀል እንደሚወደድ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ እንኳ "ተራሽ መቼ ነው?" ብዬ አልጠየቅኩም። ቴሌቪዥን እንኳ ከፍቼ ምን ሆንክ ሳልለው አልፈርድበትም፤ ሚስቴን ሳልጠይቃት ፈረድኩባት።

ያን ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሣችም። መስከረም ከጠባ በኋላ ግን በአንድ እሑድ ከሰዓት አነሣች።

"አስካለ፣ ዘይነባ ነገረችኝ።"

"ትንገርህ።"

"ምነው አንቺስ አልነገርሽኝ?"

"አንተ የማታውቀው ነገር አለ እንዴ? እኔ ምን ልጨምርልህ?"

ይህን እንኳን ቻልኩት። "ተመለሺና ግቢ፤ ለምኛቸው። ቅቤውን እኔ እልካለሁ፤ ያመለጠውንም እከፍላለሁ።"

"ለምኜ ገብቻለሁ" አለች። "አንተን ልጠብቅ እንዴ? ግን የወጣ ሰው ተመልሶ ሲገባ ጭራ ነው የሚይዘው። ደንብ ነው።"

አርባ ዓመት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ። "ስንተኛ ነሽ?"

"አሥረኛ።"

በጣቴ ቆጠርኩ፤ መጋቢት ላይ ደረስኩ። "መጋቢት እኮ ዐቢይ ጾም ነው። በጾም ቅቤ ማን ይገዛል?"

"እነዘይነባ ይገዛሉ። በረከሰ ዋጋ፤ ግን ይገዛሉ።"

"ተዪው በቃ። እንዲሁ ነይ፤ በባዶ እጅሽ ነይ። አንዷ ክፍል ትበቃናለች፤ ሳጥን ሠርቻለሁ…"

"በባዶ እጄ ከሰው አገር አልገባም። ደግሞ ሁለተኛ ጥዬያቸው ብወጣ ማን ሴት ይለኛል? መጋቢት ይድረስና እንነጋገራለን።"

"ትመጫለሽ ማለት ነው?"

"እንነጋገራለን አልኩህ።"

ከኋላዋ የብዙ ሴቶች ድምፅ ይሰማ ነበር። አንዷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አስካለም ልትስቅ ስትል ዋጥ አድርጋ ያዘችው።

"እነማን ናቸው?" አልኩ።

"ውጆው እኛ ቤት ነው ዛሬ። ልዝጋው፤ ቅቤው እየቀለጠ ነው።"

"ቆይ እስኪ። በምንድን ነው የሚስቁት?"

"በአንተ ነዋ" አለች፤ ዘጋችው።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ ብዙ ቆየሁ። የሚስቁት በእኔም ቢሆን፣ ሳቃቸውን ትንሽ ልስማ ብዬ ነበር።